ኮኪት መንገድ ላይ የወደቀችው ካሜራ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ኮኪት፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ ፎቶ አንሺ ነበርሁ። ሴት ፎቶ አንሺ ያን ጊዜ ለቆላ ሰው እንኳ እንግዳ ነገር ነው። ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ገበያ ውስጥ ሳልፍ «እታለም፣ የባልሽን ዕቃ የት ልታደርሽው ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። እኔም አፌን አልይዝም። «ባልማ ቢኖረኝ ያንተን ፊት ለማንሣት በዚህ ፀሐይ እዞር ነበር?» ብዬ አልፈዋለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲቀር ካሜራዋን ለኔ ትቶልኝ ሄደ። በፊልም የምትሠራ፣ ከባድ፣ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዟ ላይ ተፍቆ ብረቷ የወጣ ካሜራ ነች። አሁን ልጆቹ በስልካቸው ሺህ ጊዜ አንሥተው ሺህ ጊዜ ይሰርዛሉ። የኔዋ ግን አንዱ ፊልም ካለቀ አለቀ ነው፣ የተነሣው ነገር ምን እንደሚመስል ደግሞ ጎንደር ወስዶ እስኪያሳጥቡት ድረስ ማንም አያውቅም። እግዜርና ፊልሙ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

ገበያዬ የሚደራው ሰሊጥ ሲደርስ ነው። ከደጋው ለአጨዳ የሚወርዱትን ሠራተኞች እኛ ሳሉግ እንላቸዋለን። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋይንት ማጭዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ፀሐዩ፣ ወባው፣ እባቡ ይፈራረቅባቸዋል። ያም ሆኖ ፎቶ ይወዳሉ። ለእናት የሚላክ፣ ለእጮኛ የሚላክ። እኔ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ የእጅ ሰዓት ይዤላቸው እዞራለሁ፤ እየተቀያየሩ ይለብሱታል። ሰዓቱ ከቆመ ቆይቷል፣ ግን ፎቶ ላይ ማን ያውቃል?

አንድ ጠዋት፣ አጨዳው በተጋጋለበት ሰሞን፣ በር ከፍቼ ስወጣ አንድ ሳሉግ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁ። ፊቱን አውቀዋለሁ። ፈንታሁን ይባላል፣ የጋይንት ልጅ ነው። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል።

«እታለም፣ ቀብር ታነሻለሽ?»

«ቀብር?» አልሁት። «ቀብር ምን ፎቶ አለው፣ አንተ! የማን ቀብር ነው?»

«የአበጀ። ትናንት ማታ ነዶ ሲያነሣ እባብ ነደፈው። ጤና ጣቢያ ሳናደርሰው ትራክተሩ ላይ አለፈ።»

አበጀን ዐውቀው ነበር፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚታዩት። ነፍስ ይማር ብዬ ቁጭ በል አልሁት። አልቀመጥም አለ። ነገሩን የነገረኝ እንደቆመ ነው።

የፈንታሁን ቤትና የአበጀ ቤት በአባቶቻቸው ጊዜ ደም ተቃብተዋል። ሽማግሌ ገብቶ አስታርቋቸው፣ መስቀል መተው ተማምለው፣ ልጆቹ ጓደኛ ሆኑ። ዘንድሮ አብረን ቆላ እንውረድ ሲሉ የሁለቱም ቤት ሰው ከልክሏቸው ነበር። አልሰሙም። አሁን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚመለሰው።

«ብቻዬን ስገባ ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «እባብ ነደፈው ስላቸው ማን ያምነኛል? ቆላ አውርዶ የአባቱን ደም መለሰ ነው የሚሉት። የአበጀ ወንድም ጎሹ አለ፤ እሱ ጠብመንጃውን ነው የሚያነሣው። እኔ ደግሞ ሚስቴ አራስ ናት።»

«ታዲያ ከጤና ጣቢያው ወረቀት አስጽፍ።»

«ወረቀትማ በገንዘብ ይጻፋል ይላሉ። ፎቶ ግን ያዩታል። ቄሱ ሲፈታው፣ ሰዉ ቆሞ ሲያለቅስ፣ ሬሳው ሲወርድ… አንሽልኝ፣ እታለም። በማርያም።»

እንዲህ ሲባል እምቢ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ካሜራዬን አነሣሁ። ውስጧ የነበረው ፊልም ተጋምሷል፤ የቀረው ለቀብሩ ይበቃል ብዬ አሰብሁ።

ትራክተሩ እኔንና ቄሱን ከኮኪት ጭኖ፣ እርሻው አጠገብ ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አደረሰን። ከሰፈራቸው ያሉት ሳሉጎች በሙሉ አጨዳ አቁመው መጥተዋል። ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ሁሉም። የአበጀ አገር ሰው ግን ከፈንታሁን በቀር አንድም አልነበረም። እኔ ሥራዬን ሠራሁ። ከዚህ ዞርሁ፣ ከዚያ ዞርሁ፣ ፀሐዩ ፊታቸውን እንዳያጠቁርብኝ ጎንበስ ቀና እያልሁ ፊልሙን ጨረስሁት። አፈሩ ሲመለስ ካሜራዋም «ከእንግዲህ የለኝም» ብላ ፊልሙን ወደ ፊት የሚስበው እጀታዋ አልሄድ አለ።

ከቀብሩ መልስ ሰፈራቸው ወስደውን ንፍሮ ቀመስን። ከሰዓት በኋላ እኔንና ቄሱን ወደ ኮኪት ሊሸኙን ብዙዎቹ የትራክተሩ ተሳቢ ላይ ወጡ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በክረምት ጎርፍ የቆፈረው ጭቃ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። እኔ በሁለት እጄ የተሳቢውን ጎን ይዤ እንኳ እዘላለሁ።

«አንች ጎኑን ያዥ፣ ካሜራዋን ለኔ ስጭኝ» አለ ፈንታሁን።

ሰጠሁት። በጋቢው ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። እንደ ሕፃን ነው የያዛት፣ ተሳቢው ሲነጥር እሱ በክርኑ ይከላከልላታል። ከኔ ይልቅ እሱ ይሻላታል ብዬ ልቤ አረፈ።

ያቺ ቤተ ክርስቲያን ጋ ስንደርስ ግን የሆነውን ልንገራችሁ። በኛ አገር ቤተ ክርስቲያን ሲታለፍ ተቀምጦ የሚያልፍ የለም። መኪና ላይም ብትሆን፣ አህያ ላይም ብትሆን ትነሣለህ፣ ታማትባለህ፣ ትሰግዳለህ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ አበጀን ጠዋት የቀበርነው እዚያው ነው። ሰዉ ሁሉ ግር ብሎ ተነሣ። ፈንታሁንም ተነሣ። ጭኑ ላይ ምን እንዳለ ረሳው፣ ምስኪን። እጁ ገና ግንባሩ ጋ ሳይደርስ ጋቢው ተፈታና ካሜራዋ በተሳቢው ጎን ተንሸራትታ ወደቀች።

ድንጋይ ላይ ስታርፍ ቋ! ያለው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«አቁም! አቁም! ኧረ በእግዜር አቁም!»

ትራክተሩ ሳይቆም ዘለልሁ። ከኔ ቀድሞ ግን አንድ ወሎዬ ደርሶ አነሣት። ደግ ልጅ ነው፣ አቧራዋን በኩታው እየጠረገ፣ «አይዞሽ እታለም፣ ልክፈተውና ውስጡ ተሰብሮ እንደሁ ልይልሽ» ብሎ በሯን ሊፈለቅቅ ጣቱን አስገባ።

«እንዳትከፍታት!» ብዬ የጮህሁት ጩኸት እርሻው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ልጁ ደንግጦ ሐውልት ሆነ።

ላልሠራችሁበት ልንገራችሁ፦ ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት። ሰው ዕቃው ሲወድቅበት መጀመሪያ የሚያምረው ከፍቶ ማየት ነው፤ እሷን ግን ከፍተህ ብታያት፣ ጉዳቷን ስታይ ጉዳቷን አንተ ጨመርህባት ማለት ነው። ስለዚህ ሳልከፍታት ነው መመርመር ያለብኝ።

ኩመር ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ሰዉ ሁሉ ከበበኝ። «ንፋስ ስጡኝ!» ብል አንድ እርምጃ እንኳ የሚያፈገፍግ የለም። ፈንታሁን ከኋላ ቆሟል፤ ፊቱ ዐመድ መስሏል።

በመጀመሪያ ሌንሷን አየሁ። መስታወቱ ደኅና ነው፣ ዙሪያውን ያለው ብረት ብቻ ተጭሯል። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅኋት፤ የሚንኳኳ ነገር የለም። ሰዉም ትንፋሹን ውጦ አብሮኝ ያዳምጣል። ምስል የምታጠራበትን ቀለበቷን አዞርሁት። አሸዋ ገብቶበት ተንገጫገጨ እንጂ ዞረ። «እሰይ» አልሁ፤ እነሱም «እሰይ፣ እሰይ» አሉ፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ።

ከዚያ ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው መልሶ የሚጠቀልለውን እጀታ ያዝሁ። እሱን ከጠቀለልሁ በኋላ በሯን ብከፍት ግድ የለም፤ ፊልሙ ቤቱ ገብቷል። እጀታው ግን በወደቀችበት በኩል ነው። ጎብጧል። በቀስታ ሞከርሁ፣ አይሄድም። ባስገድደው ይሰበራል። ገልብጬ የኋላ በሯን ሳይ ደግሞ አንዱ ጥግ ተጣሞ ጥፍር የምታስገባ ክፍተት ከፍቷል። በመዳፌ ግጥም አድርጌ ሸፈንሁት።

«ምን ሆነች?» አለ ፈንታሁን።

«በሯ ተጣሟል። ብርሃን እያስገባች ነው።»

«እና ፎቶው ጠፋ ማለት ነው?»

«ገና አላወቅሁም። እዚሁ ጨለማ ካገኘሁ ልጠቀልለው እችላለሁ። እንዲህ ይዣት ጎንደር እስክደርስ ግን አንድም አይተርፍ።»

ፈንታሁን በቆመበት ቁጭ አለ። «በገዛ እጄ» አለ። «በገዛ እጄ ጣልኋት።» ጎጃሜዎቹ «ተው እንጂ! ተሳልመህ ነው እኮ፣ ምን አጠፋህ!» ይሉታል። እሱ አይሰማም።

ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሜዳ መሃል፣ ጨለማ ከየት ይመጣል? ቄሱ ጺማቸውን እያሻሹ ቤተ ክርስቲያኗን አዩ።

«ልጄ፣ ቤተ ልሔሙ መስኮት የለውም። በሩ ሲዘጋ ድቅድቅ ነው። ግን አንች…»

«አውቃለሁ አባ፣ ሴት አትገባም። እርስዎ ይግቡና ይጠቅልሉልኝ።»

«እኔ?» አሉ። «እኔ እጄ ጸናጽል እንጂ ይኸን ብረት አያውቅም፤ ገነጣጥዬ ነው የማወጣልሽ።»

በዚያ ሁሉ ጭንቅ መሃል ሳቅ አመለጠን። የትራክተሩ ሾፌር ነው ያን ጊዜ ሸራውን ያስታወሰ። ተሳቢው ላይ የእህል ማልበሻ ሸራ ነበረ። ሸራውን አጥፈው እኔ ላይ ደፉት፣ ከሥሩ ጋቢዎቻቸውን ሁሉ ደረቡልኝ። ማንም ለጋቢው አልሳሳም። ዳር ዳሩን ሰዎቹ ተቀመጡበት። እኔ ከመሃል ነኝ፣ ካሜራዋን ታቅፌ።

መጀመሪያ ዓይኔን ከፍቼ ብርሃን ፈለግሁ። «በቀኜ ይገባል!» ስል አንዱ እየተንፏቀቀ ይቀመጥበታል። «አሁን በእግሬ በኩል!» ሌላው። «አሁንስ?» ሲሉኝ ጨለመ። ሙቀቱን ግን አትጠይቁኝ። የሰሊጥ ዘይትና የናፍጣ ሽታ አፍንጫዬን ዘጋው። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ ዓይኔ ደግሞ ለምንም አልጠቀመኝ።

«እታለም፣ አለሽ?» ይለኛል ወሎዬው ከላይ።

«አለሁ! አትንቀሳቀሱ!»

«አደራሽን ሞተሽ እንዳትቀሪብን። ያንችን ቀብር የሚያነሣ የለም።»

በሯን ከፈትኋት። ፊልሙን በጣቴ ዳሰስሁት። ቆርቆሮውን ከጎበጠው እጀታ ለማላቀቅ ጥፍሬ ተነቀለ፤ በመጨረሻ ወጣልኝ። ከዚያ ጫፉን በሁለት ጣቴ ይዤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያልሁ ጠቀለልሁት። ፊልሙ እየተንሸራተተ ወደ ቆርቆሮው ሲገባ እሰማዋለሁ። አልቆ ጫፉ ሲገባ ጥቁሯ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትቼ ክዳኗን ገጠምሁና «ክፈቱ!» አልሁ።

ስወጣ ራሴን አላውቅም። ፈንታሁን ተሳቢው ላይ ከነበረው በርሜል ውሃ ቀድቶ በላዬ ላይ ቸለሰው። «ተረፈ?» አለኝ። «ገብቷል። የቀረውን ጎንደር እናየዋለን» አልሁት። ሰዉ እልል አለ። ቀብር ውለን፣ እልል! ቄሱ እንኳ አልተቆጡም።

በማግስቱ ፈንታሁንና እኔ ጎንደር ገባን። ፊልሙን ለሚያጥበው ሰው ሰጥተን ደጁ ላይ ተቀመጥን። የከርከዴ ሻይ አዘዝሁለት፣ ሳይቀምሰው ቀዘቀዘ። ሰውየው ፊልሙን ይዞ ሲወጣ ፊቱን ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ።

«መጀመሪያ ላይ ያሉት ደኅና ናቸው» አለኝ። «መጨረሻዎቹን ብርሃን በልቷቸዋል።»

ተቀብዬ ወደ ሰማይ አየሁት። የመጀመሪያዎቹ ላይ የኔን ኮት የለበሱ፣ የኔን የቆመ ሰዓት ያሰሩ ሳሉጎች ተደርድረዋል። ከዚያ በኋላ ጥቁር ነው። ድፍን ጥቁር። ለካ የመጨረሻው ፎቶ ከላይ ነው የሚጠቀለለው፤ በሯ ስትጣመም ብርሃኑ መጀመሪያ ያገኘው እሱን ነው። እኛ ሸራ ውስጥ ስንለፋ ቀብሩ አስቀድሞ ሄዷል።

ፈንታሁን ማንበብ አይችልም፤ ያን ጥቁር ግን አነበበው። «በይ እንግዲህ እታለም፣ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። «ደክመሻል። እኔ ወደ ሱዳን ልሻገር።»

«ሚስትህስ?»

«ባሏ በሕይወት አለ መባሉ ይሻላታል።»

«ልጅህን ሳታየው?»

 ቆቡን ያሽከረክራል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ልቤ በሐዘን አይቆምም፣ በንዴት ነው የሚነሣው። ማን ላይ እንደተናደድሁ እንኳ አላውቅም፤ በእባቡ ይሁን፣ በድንጋዩ፣ በብርሃኑ።

«ስማ!» አልሁት። «የትም አትሻገርም። ፊልሙ ባያይ እኔ አይቻለሁ። ዓይኔ አልተቃጠለም። እኔ እመጣለሁ።»

«አንች? ጋይንት?»

«ጋይንት ሰው አይደርስበትም? ተነሥ!»

ንግግሬ ጀግና ይመስላል። አውቶቡሱ ወደ ደጋው ሲወጣ ግን በቆመ ቁጥር ልውረድና ልመለስ እያልሁ ነበር። ጠብመንጃ ወዳለበት ቤት ነው የምሄድ፣ የማላውቀው አገር፣ የማላውቃቸው ሰዎች። የተጣመመችውን ካሜራዬንም ይዣታለሁ፤ ጎንደር የሚጠግናት አጥቼ።

ነፋስ መውጫ ላይ ከአውቶቡሱ ወርደን፣ ቀሪውን በእግር ሄደን፣ ፈንታሁን ወደ ሰፈሩ ሳይገባ ያን ጊዜ ደሙን ያስታረቁት ሽማግሌ ቤት ገባን። ሽማግሌው ሁሉን ሰምተው «መርዶ በጠዋት ነው የሚነገር» አሉ። አሳደሩን። ማልደው ጥቂት ሰው ሰብስበው ከፊት ሆኑ። ፈንታሁን ከሁሉ ኋላ ነው፣ ጋቢውን በሐዘን አደግድጎ።

የአበጀ እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሰው ሲመጣ አዩ። በጠዋት ሽማግሌ ሲመጣ ምን እንደሆነ ማን ያጣዋል? ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ዞሮ ፈንታሁን ላይ ቆመ። ከዚያ ከኋላው ፈለጉ። ማንም አልነበረም።

ጎሹ ከቤት ወጣ። ጠብመንጃው በእጁ ነው። «አበጀስ?» አለ። ሽማግሌው ተናገሩ፤ እባብ፣ ቆላ፣ የእግዜር ፈቃድ። ጎሹ እሳቸውን አያይም፣ ፈንታሁንን ብቻ ነው የሚያይ።

«እባብ» አለ። «ሁለት እግር ያለው ነው?»

ወደ ፊት ወጣሁ። «እኔ ኮኪት ፎቶ አንሺ ነኝ። ቀብሩ ላይ ነበርሁ። አንሥቼው ነበር፣ ተበላሸ።»

«ተበላሸ!» አለ ጎሹ። «አዎ፣ መበላሸቱ አይቀርም።»

«ተው ጎሹ» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ደረቅ ነው። ወደኔ መጡ። አጭር ሴት ናቸው፣ ፊቴን ለማየት ቀና አሉ። «በዓይንሽ አየሽው?»

«አየሁት፣ እናቴ።»

«ምን ለብሶ ነበር ልጄ?»

«በጋቢው ነው የተገነዘ።»

«የሰው ጋቢ ሁሉ ነጭ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ዓይኔን ጨፈንሁ። ምስሉ እንዲጠራ ቀለበቷን ሳዞር ዓይኔ የሚያርፍበት አንድ መስመር ያስፈልጋል፤ ድፍን ነጭ ጋቢ ላይ ደግሞ የሚያርፍበት የለም። ያን ቀን መስመር ስፈልግ፣ ስፈልግ ያገኘሁት ነገር ትዝ አለኝ።

«ትከሻው ጋ ተቀዶ ተሰፍቷል» አልሁ። «በጥቁር ክር። ክሩ ወፈር ያለ ነው፣ መጨረሻው ላይ ተደርቦ ተቋጥሯል። ቀለበቷን ሳስተካክል ዓይኔ እዚያ ላይ ነበር።»

እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። «ነጭ ክር አልነበረኝም» አሉ። «ሲሄድ ቸኮለብኝ። ነጭ ክር አልነበረኝም።»

 ጎሹ አንገቱን ደፋ።

«ቄስ ነበረ?» «ነበሩ፣ እናቴ። ፈትተውታል።» «ጥላ አለው መቃብሩ?» «ኩመር አለ፣ ራቅ ብሎ። ከሰዓት ይደርስለታል።» «ሰው አለቀሰለት?» «ብዙ ሰው። ጎጃሜ፣ ወሎዬ፣ ሁሉም አልቅሷል። ፈንታሁንን ሁለት ሰው ነው የያዘው።»

«አንችስ?»

«ምን?»

«አንችስ አለቀስሽለት?»

ዋሽቼ ቢሆን ያልፍ ነበር። ግን ያ ፊት እያየኝ አልቻልሁም። «አላለቀስሁም፣ እናቴ። ፎቶ ላይ ነበርሁ።»

ሴትዮዋ ክንዴን ያዙ። አልተቆጡም። «እንግዲያስ አሁን አልቅሽለት» አሉኝ።

ኧረ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ከየት እንደመጣ አላውቅም። ያ የተሰፋ ጋቢ፣ ቄሱ፣ የፈንታሁን ቆብ፣ ሱዳን የቀረው ወንድሜ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ። ከአበጀ ጋር በሕይወቱ ሁለት ቃል አልተነጋገርሁም፤ ለእሱ ግን ለማንም አልቅሼ በማላውቀው ለቅሶ አለቀስሁ። እናትየው ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ሰፈሩ ሁሉ እየጮኸ መጣ። ለቅሶ ሆነ።

ለቅሶው ላይ የአበጀን ልብስ አወጡ። ፎቶ ግን አልነበረውም፣ ተነሥቶ አያውቅም። እናትየው ካሜራዬን በጣታቸው እያመለከቱ «እዚያ ውስጥ ነበር?» አሉኝ። «ነበር» አልሁ። ተቀበሉኝና ሳሟት፣ የተጣመመውን በሯን። ልብሱ ላይ አስቀመጧት። አልቃሾቹ ሲዞሩ እሷን እየዞሩ ነበር። አንመልስልሽም አላሉኝም፣ እኔም ስጡኝ አላልሁም። እዚያው ቀረች።

ጎሹ ጠብመንጃውን ቤት አግብቶ ተመለሰ። ፈንታሁን አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር፣ ይግባ አይግባ ሳያውቅ። ጎሹ አጠገቡ ሄደና ክንዱን ያዘው። «ምን ውጭ ትቆማለህ?» አለው። «ከወንድሞቹ ጋር ና ተቀመጥ።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እናንተን ልመክር አይደለም የነገርኋችሁ፤ እኔ ምክር የማልወድ ሰው ነኝ። ግን ስንት ክርስትና፣ ስንት ሠርግ አንሥቼ፣ አንዱንም ቆሜ እንዳላየሁ የገባኝ ያን ጠዋት ነው። ካሜራ ያይልኛል እያልሁ ነበር። ካሜራ ይወድቃል፣ ፊልም ይቃጠላል፣ ስልካችሁም ውሃ ይገባዋል። የዚያን ዕለት የፈንታሁን ነፍስ የተንጠለጠለችው ለምስል ጥራት ብዬ በአጋጣሚ ባየኋት አንዲት ስፌት ላይ ነበር። ባላያትስ ኖሮ? ይኸን እያሰብሁ አሁንም እንቅልፍ የማጣበት ጊዜ አለ።

ሌላ ካሜራ ገዛሁ፣ ሥራዬንም አልተውሁም። ለቀብር ሲጠሩኝም እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን ቆሜ አያለሁ፣ ሟቹን ባላውቀውም ከሰዉ ጋር አለቅሳለሁ፣ ከዚያ አነሣለሁ። ዓይኔ እያነባ ስለማነሣ አንዳንዱ ፎቶዬ ደብዘዝ ይላል። ባለቤቶቹ ይነጫነጩብኛል። ይነጫነጩ።